ገጠመኝ ለማን ማስረጃ ይሆናል?

ከዓመታት በፊት እናታችን ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛችበት ሌሊት፣ እኔና ታላቅ እህቴ ከክፍሉ ውጭ ባለው ኮሪደር፣ በአንድ ብረት ላይ ጎን ለጎን በተገጠሙ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀምጠን አደርን። ከበሩ በስተጀርባ የሚሰማው የመሣሪያ ድምፅ አንዳንዴ ፈጠን፣ አንዳንዴ ዘግየት ይላል፤ በተለዋወጠ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን ለሁለት ቀን ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ፍርሃት ድንገት ለቀቀኝ፤ አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ያለ ያህልም ተሰማኝ። በዚያች ሰዓት እየጸለይኩ አልነበረም፤ እንዲያውም ለመጸለይ አቅም አጥቼ ከተውኩት ቆይቼ ነበር። ነገሩ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሄደ፤ ፍርሃቱ ግን እንደ ቀድሞው ጉልበቱ አልተመለሰም። እናታችን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች።

ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ እንደ ምስክርነት ስናገረው ኖሬአለሁ፤ ሰሚዎቼም አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉኝ ነበር። አንድ ቀን ግን በዚያች ሌሊት ከጎኔ የነበረችው፣ ከብርድና ከድካም በቀር ምንም ያልተሰማት እህቴ፣ ታሪኩን ለሌሎች ስናገር ሰምታ ኖሮ ለብቻችን ስንሆን፣ «እንደተሰማህ አልጠራጠርም፤ ግን እኔ አንተ ስለተሰማህ ምን እንዳምን ነው የምትፈልገው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጥያቄዋ ውስጥ ቁጣም ፌዝም አልነበረም፤ እንደ ዋዛ ላልፈው ያልቻልኩትም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው በገዛ ሕይወቱ ያጋጠመው መንፈሳዊ ነገር ለእምነቱ ማስረጃ ይሆናልን? የሚሆን ከሆነስ ለማን፣ የምንስ ማስረጃ?

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ መጀመሪያ የያዘኝ የገዛ ቋንቋችን ነው። «ገጠመኝ» የምንለው ስም በመሠረቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የገጠመው ሌላ ነገር ነው፣ «እኔ» በቃሉ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠልኩ ተቀባይ ብቻ ነኝ። «ማስረጃ» ደግሞ «አስረዳ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ፣ የሚያስረዳው ሰው ብቻ ሳይሆን የሚረዳውም ሰው በውስጡ አለ። ከእርሱ ጎን ያለው «መረጃ» ይህን ሁለተኛ ሰው አይጠይቅም፤ ሰው ራሱ ነገሩን የሚረዳበት ነውና። ፍርድ ቤት የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው መረጃ ያለው ሁሉ ማስረጃ የለውም። እኔ የደረስኩበት አቋም ባጭሩ ይህ ነው፦ መንፈሳዊ ገጠመኝ ለባለቤቱ እውነተኛ መረጃ ነው፣ ሊናቅም አይገባውም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን፣ እኔን ጨምሮ፣ ከሚሸከመው በላይ እንጭንበታለን፤ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምን ያህል እንደሚቀንስም አንቆጥርም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1902 በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ያቀረባቸው ትምህርቶች በዚህ ርዕስ ላይ እስካሁን ድረስ የመነሻ ቦታነታቸውን አልለቀቁም። ጄምስ ከብዙ ሰዎች የሕይወት ምስክርነት ተነሥቶ እንዲህ ያሉ ገጠመኞች የሚታወቁባቸውን አራት ምልክቶች ለየ፦ በቃል ለመግለጽ ያስቸግራሉ፣ ባለቤቱ አንድ ነገር እንዳወቀ ሆኖ ይሰማዋል፣ ብዙ አይቆዩም፣ ሰውየውም በራሱ ፈቃድ የሚያዛቸው አይደሉም። ከዚያ በኋላ የሰጠው ፍርድ ሦስት ክፍል አለው። ገጠመኙ ለደረሰበት ሰው ሥልጣን አለው፣ ሊኖረውም መብት አለው፤ ከውጭ ለቆመው ሰው ግን ሳይመረምር የመቀበል ግዴታ አይጥልበትም፤ ቢሆንም ተራው ንቃተ ኅሊናችን ብቸኛው የእውቀት በር ነው የሚለውን ትምክህት ይሰብራል። ሰዎች ሁለተኛውን ሲጠቅሱ ሦስተኛውን ይረሳሉ፤ ሦስተኛውን የሚወዱ ደግሞ ሁለተኛውን ይዘሉታል። እኔ ግን ቅሬታዬ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ጄምስ ለባለቤቱ ከሚገባው በላይ ቸር የሆነለት ይመስለኛል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ለጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ሆኖ የማገኘው የፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ የብሌዝ ፓስካል ሌሊት ነው። ፓስካል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1654፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የደረሰበትን በወረቀት ላይ አሰፈረ። ቀኑንና ሰዓቱን እንደ ሙከራ መዝገብ በጥንቃቄ ከጻፈ በኋላ «እሳት» የሚለውን አንድ ቃል ለብቻው አስቀመጠ፤ ቀጥሎም የፈላስፎችና የሊቃውንት ሳይሆን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ብሎ ጻፈ፤ እርግጠኝነትን፣ ደስታን፣ ሰላምን ጠራ። ይህ ሰው ማስረጃ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የአየርን ግፊት በሙከራ ያጠና፣ በዚያው ዓመት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከሒሳብ ሊቁ ከፒየር ደ ፌርማ ጋር በተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ፕሮባቢሊቲ ለተባለው የሒሳብ ዘርፍ መሠረት የጣለ ሰው ነው። እርግጠኛ ባልሆንንበት ነገር ላይ እንዴት እንደምንመዝን ለዓለም ያስተማረው እጅ ነው «እርግጠኝነት» ብሎ የጻፈው።

ወረቀቱን ምን አደረገው? በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1662 ሲሞት አንድ አገልጋይ በልብሱ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ዳስሶ አገኘው። ፓስካል በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማያምኑ ሰዎችን ለማስረዳት ብዙ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ በ1670 የታተሙት እነዚህ ማስታወሻዎች ስለ ሰው ክብርና ጉስቁልና፣ ስለ ትንቢት፣ በእግዚአብሔር መኖር ላይ ስለሚደረግ ውርርድ ያትታሉ፤ ያችን ሌሊት ግን ለአንባቢው እንደ ማስረጃ አያቀርቡለትም። ይህን ዝምታ ትሕትና ብቻ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ሰውየው በልቡ ያለውን ነገር መጠን ያወቀ፣ ለእርሱ ሕይወቱን ያዞረው ነገር ለሌላ ሰው በወረቀት ላይ ያለ ቀለም ብቻ ሊሆን እንደሚችል የተገነዘበ ይመስለኛል።

ሌላው ሊቅ፣ የእስልምናው መምህር አል-ጋዛሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1095 በባግዳድ የነበረውን ታላቅ የመምህርነት ወንበር ትቶ ከመሄዱ በፊት በጉባኤ ቆሞ መናገር እስኪያቅተው ድረስ ታምሞ ነበር። በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ፣ ጤንነት ምን እንደሆነ በትርጓሜው ማወቅና ጤነኛ መሆን፣ ስካር ምን እንደሆነ መተርጎምና መስከር እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን ያስረዳል፤ የሁለተኛውን ዓይነት እውቀት «መቅመስ» ይለዋል። ቃሉ ድንቅ ነው፤ ቢሆንም የቀመሰ ሰው ያልቀመሰውን በቃል ብቻ ሊያቀምሰው እንደማይችልም ያው ቃል ይናገራል።

እዚህ ላይ ከእምነት ወገን ያለው ጠንካራ ክርክር ሊሰማ ይገባዋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሪቻርድ ስዊንበርን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራው፣ አንድ ነገር ያለ ሆኖ ከታየን፣ እንድንጠራጠር የሚያደርግ የተለየ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ፣ አለ ብለን መቀበል ትክክለኛ ነው ይላል። ይህ ለእግዚአብሔር ብቻ የተበጀ ልዩ ፈቃድ አይደለም፤ በመስኮት ሳይ ዛፍ ከታየኝ፣ የዓይኔን ታማኝነት አስቀድሜ ሳላረጋግጥ ዛፍ አለ እላለሁ። ዓይኔን በምን አረጋግጣለሁ? በእጄ እዳስሳለሁ፣ ሌላ ሰው እጠራለሁ፤ እጄም፣ የሌላው ሰው ድምፅ የሚደርስበት ጆሮዬም ራሳቸው ስሜት ሕዋሳት ናቸው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም አልስተን እ.ኤ.አ. በ1991 ይህንኑ አጠንክሮ፣ ስሜት ሕዋሳትን ያለ ማስረጃ እያመንን መንፈሳዊውን ማየት ብቻ «አስቀድመህ አረጋግጥ» ማለት ሁለት ሚዛን መያዝ ነው ብሎ ተከራክሯል። ነጥቡን እቀበላለሁ። «ስሜት ብቻ ነው» ተብሎ የሚጣል ነገር ሁሉ በዚያው አመክንዮ ከተጣለ በእጃችን የሚቀር ብዙ ነገር የለም።

ዳሩ ግን ዛፉን ስጠራጠር የማደርገው ነገር አለኝ፤ ዞሬ ከሌላ አቅጣጫ አያለሁ፣ ነገ ተመልሼ አየዋለሁ፣ ያላየውን ሰው እዚያው አቁሜ «ይታይሃል?» እለዋለሁ። በኮሪደሩ ውስጥ የሆነው ግን ተመልሼ ላየው የምችለው አይደለም፣ አጠገቤ የነበረችውም ሰው አልታያትም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 አንድ ሰው «እግዚአብሔር በሕልም ተናገረኝ» ቢል፣ «እግዚአብሔር ሲናገረኝ አለምኩ» ከማለት የበለጠ አልተናገረም ሲል የጻፈው ለአማኝ ጆሮ ይመራል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ። ሆኖም ሆብስ እግዚአብሔር በሕልም አይናገርም አላለም። ያለው፣ ሰሚው ከቃሉ ብቻ ሁለቱን መለየት አይችልም ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ የሚያፈርስ መልስ አላገኘሁለትም።

ስለ አንጎል የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን በግዴለሽነት ይቀርባል፤ ከራሴ ገጠመኝ ጋር በቀጥታ የሚነካካ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1916 ኧርነስት ሻክልተን፣ ፍራንክ ዎርስሊና ቶም ክሪን የተባሉ ሦስት የአንታርክቲካ አሳሾች መርከባቸው በበረዶ ተሰብራ ከጠፋች በኋላ፣ ለጓደኞቻቸው እርዳታ ለማምጣት የሳውዝ ጆርጂያን ደሴት ተራሮችና የበረዶ ግግር በእግራቸው 36 ሰዓት ያህል ሳያርፉ አቋረጡ። ሻክልተን በኋላ ሲጽፍ ሦስት ሳይሆኑ አራት ሆነው የሚጓዙ ይመስለው እንደነበር ገልጿል፤ እርሱ ምንም ሳይላቸው ዎርስሊ ያንኑ ነገረው፣ ክሪንም እንዲሁ አለ። ሻክልተን ነገሩን የአምላክ ጥበቃ አድርጎ ተረድቶታል። ከ90 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ሐኪሞች ለሚጥል በሽታ ምርመራ ላይ የነበረች አንዲት ሴት አንጎል ላይ፣ ከግራ ጆሮ በላይና በስተኋላ ባለው አካባቢ፣ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያሳርፉ፣ ሴትየዋ ከኋላዋ የማታየው ሰው እንዳለ ተሰማት፤ ኤሌክትሪኩ በተደጋገመ ቁጥር ያ «ሰው» ተመልሶ ይመጣ፣ እርሷ ስትቀመጥ አብሯት ይቀመጥ ነበር።

ይህን ሳነብ የተሰማኝን አልደብቅም፤ «አጠገቤ ቁጭ ያለው» ማን እንደነበረ የተነገረኝ መሰለኝ። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ጥናቱ የሚለው ያን ያህል አይደለም። ዛፍ ሳይም አንጎሌ ውስጥ የሚሆን ነገር አለ፤ ሐኪም ያንኑ ቦታ ነክቶ የሌለ ብርሃን ቢያሳየኝ፣ እስከ ዛሬ ያየሁት ብርሃን ሁሉ የለም ማለት አይሆንም። ለእምነት ወገን ግን ይህ መልስ ሙሉ ድል አይሰጥም። የጭስ ማንቂያ ደወል እንውሰድ። ደወሉ በጭስም በአቧራም የሚጮኽ ከሆነ፣ በጮኸ ቁጥር «እሳት የለም» ማለት ሞኝነት ነው፤ «እሳት አለ» ብሎ መሐላ መማልም እንዲሁ። ማወቅ የሚገባኝ በአቧራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጮኽ፣ በዚያች ሌሊትም ቤቱ ውስጥ ምን ያህል አቧራ እንደነበረ ነው። ሁለት ቀን ያልተኛ፣ ያልበላ፣ በእናቱ ሞት ፍርሃት የተያዘ ሰው አቧራው ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ጥቂት በልቶ ሰማይን የሚያየውንና ብዙ ጠጥቶ እባብ የሚያየውን ሰው ለመለየት አንችልም ብሎ ነበር፤ የዘመኑ ሰው ሲ. ዲ. ብሮድ ደግሞ፣ ከስሜት ሕዋሳት በላይ ያለ ዓለም ካለ፣ ወደዚያ አሾልቆ ለማየት ሰው ትንሽ መሰንጠቅ ያስፈልገው ይሆናል ሲል መለሰለት። የብሮድ መልስ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ሚዛኑን ግን ወደ እኔ አያዘነብለውም፣ ሚዛኑ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ።

አሁን ወደ ጄምስ የመጀመሪያ ፍርድ ልመለስ፤ ገጠመኙ ለባለቤቱ ሥልጣን አለው የሚለው። እህቴ ከጠየቀችኝ ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃ ሳስተካክል በዚያ ሰሞን የሐኪሞችን ትእዛዝና የመድኃኒት ሰዓት የምመዘግብበት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አገኘሁ። በዚያች ሌሊት የጻፍኩት ገጽ ነበረበት። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «9 ሰዓት ገደማ። ድንገት ጸጥ አለ። ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ሰው አጠገቤ ያለ መሰለኝ። 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ነርሷ ወጣች፣ ለውጥ የለም አለች።» ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ገልብጬም ጀርባውን አየሁ፤ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ለዓመታት ታሪኩን ስናገር፣ በዚያች ሰዓት በልቤ ውስጥ «አይዞህ፣ አትሞትም» የሚል ቃል እንደሰማሁ እጨምር ነበር፤ ውሸት እየተናገርኩ መሆኔን ሳላውቅ፣ ድምፁን ዛሬም በጆሮዬ የምሰማው እየመሰለኝ። በደብተሩ ውስጥ ግን ድምፅ የለም፤ ስለ እናቴ መዳንም አንድ ፊደል አልተጻፈም።

ቃሉ መቼ እንደገባ አላውቅም። ምናልባት እናቴ ከዳነች በኋላ አንድ ሰው «ምን አለህ?» ብሎ ጠይቆኝ ባዶውን ቦታ ሞልቼው ይሆናል፤ ምናልባትም እናቴን ራሴ ለማጽናናት ከተናገርኩት ነገር ተቀላቅሎ ይሆናል። ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይስተካከላል፣ የሚስተካከለውም ወደ መጨረሻው ነው፤ እናቴ ባትድን ኖሮ ያ ቃል ፈጽሞ እንደማይወለድ እርግጠኛ ነኝ። ጄምስን የምሞግተው በዚህ ነው። ሥልጣኑ የዚያች ሩብ ሰዓት እንጂ እኔ በኋላ ስለ እርሷ የምናገረው አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ስለዚያች ሩብ ሰዓት እኔም እንደ ማንኛውም ሰሚ ምስክር የምሰማ ሰው ነኝ፣ ምስክሩም ትዝታዬ ነው። ፓስካል ሰዓቱንና ቃሉን በጽሑፍ ያስቀመጠው የነገን ፓስካል ስላላመነው ይሆን እንዴ ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ሲሴሮ እንደሚተርከው፣ በአማልክት አያምንም የተባለው ዲያጎራስ ወደ ሳሞትራቄ ደሴት ሲመጣ፣ አንድ ወዳጁ ከመርከብ አደጋ የዳኑ ሰዎች ለስእለታቸው ያኖሯቸውን ሥዕሎች እያሳየው፣ አማልክት ስለ ሰው እንደሚገዳቸው በዚህ አታውቅምን አለው፤ ዲያጎራስም የሰመጡት በየት ተሥለዋል ብሎ መለሰ። በዚያው ኮሪደር፣ በእነዚያው ወንበሮች ላይ፣ ከእኔ በፊትና በኋላ ስንት ሰው ሰላም ተሰምቶት ነርሷ ሌላ ወሬ ይዛ ወጥታለች? እነርሱ ለምስክርነት አይጠሩም፤ ቢጠሩም የሚናገሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከምንሰማው ምስክርነት ብዛት ተነሥተን «ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ይሳሳታል?» ስንል፣ እየቆጠርን ያለነው ሥዕል የተሣለላቸውን ብቻ ነው።

ገጠመኝ ስሙን በግንባሩ ጽፎ አለመምጣቱም መታሰብ አለበት። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ሦስት ጊዜ እየሮጠ ወደ ዔሊ ሄዷል፤ ድምፁን ሰምቷል፣ በመስማቱ አልተሳሳተም፣ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። በሦስተኛው ላይ ዔሊ፣ ዓይኑ የፈዘዘው፣ በዚያች ሌሊት ራሱ ምንም ያልሰማው ሽማግሌ፣ የሚጠራው ማን እንደሆነ አስተዋለ። ትርጉሙ የመጣው ካልሰማው ሰው ነው። እኔም አጠገቤ የተቀመጠውን «ጌታ ነው» ያልኩት ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት ይህን ስለነበረ ነው፤ በሌላ እምነት ያደግሁ ብሆን ሌላ ስም እሰጠው ነበር፣ ያለ እምነት ያደግሁ ብሆን ምናልባት ድካም እለው ነበር። በየሃይማኖቱ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር እንደሚገጥማቸው ይናገራሉ፣ እያንዳንዳቸውም ለየራሳቸው ትምህርት ማረጋገጫ ያደርጉታል፤ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ተአምራት ሲጽፍ እንዲህ ያሉ ምስክሮች እርስ በርሳቸው እንደሚሻሩ አድርጎ አቅርቦታል። መሻር ብዬ አልደመድምም፤ የሚስማሙበት ነገር አለና፤ ከእኔ የሚበልጥ፣ ለእኔ ክፉ የማያስብ አንድ ነገር ቀርቦኛል የሚለው። ችግሩ፣ የጋራው ሐሳብ ስስ መሆኑ ነው። ያች ሩብ ሰዓት አንድ ነገር ብትመሰክር ይህን ስሱን ትመሰክር ይሆናል እንጂ፣ እኔ በየሳምንቱ የምደግመውን የእምነት አንቀጽ በሙሉ አትመሰክርም። እርሱን የያዝኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ስለ እርሱ ስጠየቅ ያንኑ ምክንያት ማቅረብ ይገባኛል እንጂ ኮሪደሩን መጥራት የለብኝም።

ይህን ሁሉ ስናገር የእምነት ጠላት የሚናገረውን የምደግም የሚመስለው አማኝ ካለ፣ በገጠመኝ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተጠነቀቁት ራሳቸው የጸሎት ሰዎች እንደነበሩ ያስታውስ። ከግብፅ የበረሃ አባቶች ስለ አንዱ እንደሚነገረው፣ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ «ወደ አንተ ተልኬአለሁ» ቢለው፣ «ወደ ሌላ ተልከህ እንዳይሆን ተመልከት፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም» አለው። በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረው ስፔናዊው መነኩሴ ዮሐንስ ዘመስቀልም ራእይና ድምፅ የሚመጣላቸው ሰዎች፣ ከእግዚአብሔር የመጣ እንኳ ቢሆን፣ እንዳይይዙትና እንዳይደገፉበት አጥብቆ መክሯል። ብዙዎች መፈተኛ አድርገው የሚያስቀምጡት ፍሬውን ነው፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ትሑት፣ የሚራራ፣ የማይፈራ ሆኗልን? ጥሩ መፈተኛ ነው፤ የሚያሳየው ግን ለውጡን ነው እንጂ ምንጩን አይደለም። በሐሰት ዜና የተጽናና ሰውም ለጥቂት ጊዜ ደግ ይሆናል።

እህቴ ምንም አለመሰማቷስ? እርሷም አንዳንዴ ይህን ታነሣዋለች፤ ለአንተ የመጣ ለእኔ ለምን ቀረ፣ እናትየዋ የሁለታችንም አልነበረችም? ለዚህ የተዘጋጁ መልሶችን አውቃለሁ፤ ልቧ አልተከፈተም፣ ጊዜዋ አልደረሰም የሚሉትን። በዚያች ሌሊት ከእኔ ይልቅ የጸለየችው እርሷ ስለነበረች ከአፌ አይወጡልኝም። አለመሰማቷ የእኔን አይሽረውም፤ ነገር ግን «እዚያ ብትሆን ኖሮ ታምን ነበር» የምትለዋን የምስክርነቴን ተወዳጅ ዓረፍተ ነገር ለዘላለም ወስዶብኛል። እዚያ ነበረችና።

ደብተሩን ባገኘሁ ሰሞን ለእርሷ አሳየኋት፤ ስለ ጨመርኩት ቃልም አፍሬ ነገርኳት። ገጹን አንብባ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ይህን አልጻፍከውም» አለች፤ «ሌሊቱን ሙሉ እግርህን ስታንቀጠቅጥ ነበር። ወንበሮቹ አንድ ላይ የተያያዙ ስለሆኑ የእኔም አብሮ ይነቃነቃል፤ እንቅልፍ የከለከለኝ እርሱ ነበር። ከዚያ የሆነ ሰዓት ላይ ተወ። የተኛህ መስሎኝ ዞር ብዬ ሳይህ ዓይንህ ተገልጦ ነበር። እስኪነጋ አልተመለሰብህም።» እግሬን እንዳንቀጠቀጥኩ አላውቅም ነበር። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከእኔ ውጭ ያለ ሰው ያየው ነገር ይህ ብቻ ነው፣ የተናገረችውም እኔን ለመደገፍ ብላ አልነበረም። «ምን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም» አለች ቀጥላ። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና ከጽሑፌ በታች በራሷ እጅ ጨመረችበት፦ «ወንበሩ መነቃነቅ ተወ። ሰዓቱን አላየሁም።»